ሞክሼ መርከቦች፦ ሆላንድ የትኛዋ ናት?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በቅርቡ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ፣ ጸሐፊዎቻቸው የተመካከሩ ይመስል፣ ስም የሚጋሩ የባሕር ኃይል መርከቦችን የሚመለከቱ ሆነው ስላገኘናቸው በአንድ ላይ ልንመልሳቸው ወስነናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

ጥያቄ፦ «የባሕር ኃይል ታሪክ ማንበብ የምወድ የሐዋሳ ነዋሪ ነኝ። በአንድ ጽሑፍ ላይ ‹ሆላንድ› የአሜሪካ ባሕር ኃይል የመጀመሪያዋ ሰርጓጅ መርከብ እንደሆነችና ስድስት ባሕርተኞች ብቻ ትይዝ እንደነበር አነበብኩ። ሌላው ጽሑፍ ሆላንድ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሰርጓጅ መርከቦችን የምትጠግን ትልቅ መርከብ ነበረች ይላል። ሦስተኛው ደግሞ በስኮትላንድ የኑክሌር ሰርጓጆችን ስታገለግል ያሳያታል። ከሦስቱ ጸሐፊዎች የተሳሳተው የትኛው ነው? ለመሆኑስ አሜሪካኖች መርከባቸውን በሆላንድ አገር ስም የሚጠሩት ለምንድን ነው?»

መልስ፦ ውድ አንባቢ፣ ከሦስቱ አንዱም አልተሳሳተም። ያነበቡት ስለ ሦስት መርከቦች ነው፤ ሦስቱም ሞክሼዎች ናቸው። ጸሐፊዎቹ የሚወቀሱበት ነገር ካለ፣ ስሙን ብቻ ጽፈው መለያ ቁጥሩን መተዋቸው ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ «ዮሐንስ!» ብሎ የሚጣራ ሰው አራት አምስት ሰው ቀና ካለበት የአባት ስም መጨመሩ አይቀርም፤ ለጦር መርከብም የአባት ስሟ መለያ ቁጥሯ ነው።

ስሙን በተመለከተ ደግሞ ከአገሩ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ሆላንድ የሰው ስም ነው። ጆን ፊሊፕ ሆላንድ በ1841 በአየርላንድ ምዕራብ ጠረፍ በምትገኘው በሊስካኖር መንደር ተወለደ፤ መተዳደሪያው መምህርነት ነበር። በ1873 ወደ አሜሪካ ከተሻገረ በኋላም በኒው ጀርሲ እያስተማረ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያብሰለስለው የኖረውን በውኃ ውስጥ የሚሄድ መርከብ ንድፍ ማሻሻሉን ቀጠለ። ከብዙ ሙከራና ኪሳራ በኋላ በሜይ 1897 ወደ ውኃ የተለቀቀችው መርከብ ተሳካችለት። ርዝመቷ 16 ሜትር ከግማሽ ገደማ ብቻ ነበር፤ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ከሚመላለሱት ተቀጣጣይ አውቶቡሶች ታንሳለች። በዚህች ጠባብ ቀፎ ውስጥ ስድስት ሰዎች፣ አንድ የቶርፒዶ (በውኃ ውስጥ ተወንጭፎ መርከብ የሚመታ ፈንጂ) ማስወንጨፊያ ቱቦ፣ አንድ የቤንዚን ሞተር፣ አንድ የኤሌክትሪክ ሞተርና ባትሪዎቹ ተጣብበው ይገቡ ነበር። ከውኃ በላይ ስትሆን በቤንዚኑ ትሄዳለች፤ ወደ ውኃ ውስጥ ስትጠልቅ አየር የማይሻው የኤሌክትሪክ ሞተር ይተካል። ቤንዚኑ በናፍጣ ተለወጠ እንጂ ይህ አሠራር የኑክሌር ኃይል እስከመጣ ድረስ የአብዛኞቹ የዓለም ሰርጓጆች አሠራር ሆኖ ቆይቷል። የሆላንድ ታላቅነትም ይኸው ነው ብንል አልተጋነነም።

የአሜሪካ ባሕር ኃይል ይህችን መርከብ በኤፕሪል 11 ቀን 1900 በ150,000 ዶላር ገዛት፤ በዚያው ዓመት በኦክቶበር አገልግሎት ጀመረች፤ በ1910 ከመዝገብ ተሰረዘች፤ በ1913 ደግሞ በ100 ዶላር ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ተሸጠች። ሆላንድ ራሱ በኦገስት 12 ቀን 1914 አረፈ። በእኛ ልማድ አርባው በወጣ ማግሥት፣ ማለትም በሴፕቴምበር 22፣ ዩ-9 የተባለች አንዲት የጀርመን ሰርጓጅ ክሩዘር የሚባሉ ሦስት ትላልቅ የእንግሊዝ የጦር መርከቦችን በአንድ ጠዋት አሰጠመች። እስከዚያ ቀን ድረስ ሰርጓጅን እንደ መጫወቻ ይቆጥሩ የነበሩ ብዙ መኮንኖች ያን ዕለት ሐሳባቸውን ለውጠዋል።

አሁን ወደ ሁለተኛዋና ወደ ሦስተኛዋ ሆላንድ እንምጣ። ሰርጓጅ መርከብ ብቻዋን የምትኖር ፍጥረት አይደለችም። ከዘመቻ ስትመለስ ነዳጅ፣ ንጹሕ ውኃ፣ ቶርፒዶ፣ መለዋወጫና ትኩስ ምግብ ያስፈልጋታል፤ ወደብ በሌለበት ሥፍራ ይህን ሁሉ የምታቀርብላት እናት መርከብ የምትባለዋ ናት። እናት መርከብ ተንሳፋፊ ጋራዥ፣ መጋዘን፣ ዳቦ ቤት፣ ልብስ ማጠቢያና ክሊኒክ ናት። ሰርጓጆቹ ሁለትና ሦስት ሆነው ከጎኗ ይታሰራሉ፤ ሳምንታት ሙሉ ፀሐይ ያላዩት ባሕርተኞች ወጥተው ገላቸውን ሲታጠቡና ሲያርፉ የእናት መርከቧ ባለሙያዎች ገብተው የተሰበረውን ይጠግናሉ። አሜሪካኖች ሰርጓጆቻቸውን ለረጅም ጊዜ በዓሣና በባሕር እንስሳት ስም ሲጠሩ፣ ለብዙዎቹ እናት መርከቦች ግን ሰርጓጅን ያሰቡና የሠሩ ሰዎችን ስም ሰጡ፦ ቡሽኔል፣ ፉልተን፣ ሆላንድ፣ ሳይመን ሌክ፣ ሀንሊ። ልጆቹ በዓሣ ስም፣ እናቶቹ በአባቶች ስም ተጠሩ ማለት ነው። እኔ ከማውቃቸው የመርከብ አሰያየም ልማዶች ሁሉ ይህን ያህል የታሰበበት አላጋጠመኝም።

ሁለተኛዋ ሆላንድ በ1926 አገልግሎት የጀመረች፣ ከ150 ሜትር በላይ ርዝመት ያላት እናት መርከብ ነበረች። ጃፓን ፊሊፒንስን ስታጠቃ በዲሴምበር 1941 በማኒላ ባሕረ ሰላጤ ነበረች፤ ከዚያ አምልጣ በአውስትራሊያ ወደቦች ሰርጓጆችን ስትጠግን ቆየች። ከእርሷ ጋር በማኒላ የነበረችው ካኖፐስ የተባለች እናት መርከብ ግን መውጫ አላገኘችም፤ በኤፕሪል 1942 የባታን ምሽግ ሲወድቅ ጠላት እንዳይማርካት የራሷ ባሕርተኞች አሰጠሟት። በ1965 አገልግሎት የጀመረች ሌላ እናት መርከብ ካኖፐስ ተብላ ተሰይማለች። ሦስተኛዋ ሆላንድ በ1963 አገልግሎት ጀምራ እስከ 1996 ቆየች፤ በስኮትላንድ ሆሊ ሎክ ሚሳኤል ተሸካሚ የኑክሌር ሰርጓጆችን ያገለገለችው እርሷ ናት።

ሲያነቡ «ኤስኤስ-1» የሚል ካዩ ሰርጓጇ ናት፤ «ኤኤስ-3» የሁለተኛዋ፣ «ኤኤስ-32» የሦስተኛዋ መለያ ነው። ኤስኤስ የሰርጓጅ፣ ኤኤስ የእናት መርከብ ምልክት ነው። በአንድ ፊደል ብቻ ስለሚለያዩ በችኮላ ሲያነቧቸው ያምታታሉ። ይህ የፊደልና የቁጥር ሥርዓት በአሜሪካ ባሕር ኃይል ሥራ ላይ የዋለው በጁላይ 1920 ስለሆነ፣ ቀድማ ለተሰረዘችው ለሰርጓጇ ሆላንድ ፊደሎቹ የተሰጧት ወደ ኋላ ተቆጥሮ ነው።

ሦስቱ ሆላንዶች በአገልግሎት ላይ ተገናኝተው እንደማያውቁ ከዓመታቱ ሳይገነዘቡ አልቀሩም። ይህ የአጋጣሚ ነገር አይደለም። የአሜሪካ ሕግ ከአንድ በላይ የባሕር ኃይል መርከብ በአንድ ጊዜ ተመሳሳይ ስም እንዳይኖራት ይከለክላል፤ ክልከላው ከ1819 ጀምሮ የነበረ ነው። አዲስ መርከብ የአሮጌዋን ስም ከፈለገች አሮጌዋ ስሟን መልቀቅ አለባት። እስከ ዛሬ በቦስተን ቆማ የምትጎበኘው ባለ ሸራዋ «ኮንስቲትዩሽን» እንኳ በ1917 ስሟ ልትሠራ ለታቀደች አንዲት የጦር መርከብ ተወስዶ «አሮጌዋ ኮንስቲትዩሽን» ተብላ ነበር፤ አዲሲቱ ሳትጠናቀቅ ስለቀረች በ1925 ስሟ ተመለሰላት።

ሕጉ የሚገዛው አንድን ባሕር ኃይል ብቻ ነውና በሁለት አገሮች መካከል ሞክሼነት አይከለከልም። የእንግሊዝ ባሕር ኃይልም በ1901 የመጀመሪያዋን ሰርጓጅ በዚሁ በጆን ሆላንድ ንድፍ አሠርቶ «ሆላንድ 1» ብሎ ጠርቷታል። እርሷ በ1913 ለቁርጥራጭ ብረት ስትጎተት ሰጠመች፤ በ1981 ተገኝታ በተከታዩ ዓመት ወጣች። ከወጣች በኋላም ጨው የጠጣው ብረት መዛጉን ስላላቆመ ለዓመታት በሶዲየም ካርቦኔት በተሞላ ገንዳ ውስጥ ተዘፍዝፋ ከቆየች በኋላ ነው ዛሬ በጎስፖርት ቤተ መዘክር ለመታየት የበቃችው። አራተኛ ሆላንድ ካጋጠመዎት ይህችን ያስታውሱ።

ከእናት መርከቦቹ ስሞች ሁሉ ልብ የሚነካው ግን ሀንሊ ነው። የመጀመሪያዋ ሀንሊ በአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ጊዜ በደቡቦቹ በኩል የተሠራች፣ ስምንት ሰዎች ገብተው ሰባቱ በእጃቸው ዘንግ እያሽከረከሩ የሚያንቀሳቅሷት ሰርጓጅ ነበረች። በሙከራ ጊዜ ሁለት ጊዜ ሰጥማ 13 ሰዎች ሞቱባት፤ ከእነርሱ አንዱ ስሟን ያገኘችበት ሆራስ ሀንሊ ራሱ ነበር። እንደገና ወጥታ በፌብሩዋሪ 17 ቀን 1864 ሌሊት «ሁሳቶኒክ» የተባለችውን የሰሜኖቹን የጦር መርከብ አሰጠመች፤ በታሪክ ጠላት መርከብን ያሰጠመች የመጀመሪያዋ ሰርጓጅም ሆነች። እርሷም በዚያው ሌሊት ከስምንቱም ባሕርተኞቿ ጋር ቀረች። በኦገስት 2000 ከባሕር ወለል ስትወጣና ውስጧ ያለው ጭቃ በጥንቃቄ ሲጠረግ፣ ከአዛዡ ከሌተናንት ጆርጅ ዲክሰን አፅም አጠገብ አንድ የተጣመመ የወርቅ ሳንቲም ተገኘ። ዲክሰን በሻይሎ ጦርነት የተተኮሰበት ጥይት ኪሱ ውስጥ በነበረ ሳንቲም ላይ አርፎ ሕይወቱ ተረፈች የሚል አፈ ታሪክ ከመቶ ዓመት በላይ ሲነገር ኖሯል። በሳንቲሙ ላይ «ሻይሎ፣ ኤፕሪል 6 ቀን 1862፣ ሕይወቴን ያተረፈ» የሚል ጽሑፍና የስሙ መነሻ ፊደላት ተቀርጸውበት ነበር። ያች ሰርጓጅ የወጋችው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1962፣ አንዲቱን እናት መርከብ ሀንሊ፣ በ1971 ደግሞ ሌላይቱን ዲክሰን ብሎ ጠራ። ተዋግቶት የሞተን ሰው ስም በራሱ መርከብ ላይ የጻፈ ባሕር ኃይል ሊከበር ይገባዋል።

በሩሲያ ደግሞ ስሙ በተቃራኒው መንገድ ተጉዟል። «ቮልኾቭ» የተባለችው፣ ሁለት ቀፎ ያላትና የሰጠሙ ሰርጓጆችን በቀፎዎቿ መካከል የምታነሣ መርከብ በ1915 አገልግሎት ጀመረች። ከአብዮቱ በኋላ ስሟ ተለውጦ «ኮሙና» ተባለች፤ በ1928 ኤል-55 የተባለችውን የእንግሊዝ ሰርጓጅ ከባልቲክ ባሕር ወለል ያነሣችው እርሷ ናት፤ ከመቶ ዓመት በላይም በአገልግሎት ቆይታለች። የተለቀቀውን የቮልኾቭን ስም በ2020 ለሩሲያ የፓስፊክ መርከብ ክፍል የገባች አዲስ ሰርጓጅ ይዛዋለች። ስለዚህ ስለ «ሩሲያዊቷ ቮልኾቭ» ሲነበብ ዓመተ ምሕረቱን ማየት ግድ ነው፤ አንዷ ሰርጓጅ ናት፣ ሌላዋ የሰርጓጅ አዳኝ።

ጥያቄ፦ «የምኖረው በእስራኤል፣ ሃይፋ ከተማ ነው። በዚህ ባለው የባሕር ኃይል ቤተ መዘክር የሰጠመችውን የሰርጓጅ መርከብ ‹ዳካር›ን ቅሪት አይቻለሁ። አሁን አዲስ የሚሠሩ ሰርጓጆች በዚሁ ስም እንደሚጠሩ ሰማሁ። እናቴ ይህን ስነግራት ‹የሞተ ሰው ልብስ እንጂ የሰጠመ መርከብ ስም እንዴት ይወረሳል? ገደቢስ ነው› አለች። ባሕር ኃይሎች ይህን አያስቡበትም?»

መልስ፦ እናትዎን እናመሰግናለን፤ የጠየቁት ነገር ባሕርተኞችን ሁሉ ሲያሳስብ የኖረ ነው። ዳካር የእንግሊዝ ባሕር ኃይል «ቶተም» ብሎ ሲገለገልባት የነበረች ሰርጓጅ ናት። እስራኤል ገዝታት ወደ ሃይፋ በመምጣት ላይ ሳለች በጃንዋሪ 1968 በሜዲትራኒያን ባሕር ከ69 ባሕርተኞቿ ጋር ጠፋች፤ ፍርስራሿ የተገኘው ከ31 ዓመት በኋላ፣ በሜይ 1999 ነው። በጃንዋሪ 2022 እስራኤል ሦስት ሰርጓጆች ከጀርመን ለመግዛት ስትዋዋል ዓይነቱ በሙሉ በዳካር ስም እንደሚጠራ አስታውቃለች። በነገራችን ላይ የእስራኤል ሰርጓጆች ስም መውረስ የለመዱ ናቸው፤ በመጽሐፍ ቅዱስ በምናውቀው በሌዋታን ስም የተጠራች ሰርጓጅ ቀድሞም ነበረች፣ ዛሬም አለች።

ሌሎች ግን እንደ እናትዎ አስበዋል። በ1939፣ በዘጠኝ ቀን ልዩነት፣ ሁለት አዳዲስ ሰርጓጆች በሙከራ ላይ ሳሉ ሰጠሙ። በሜይ 23 የሰጠመችው አሜሪካዊቷ «ስኳለስ» 26 ሰዎች ሞቱባት፤ «ፋልከን» የተባለችው የአዳኝ መርከብ በብረት ደወል መሳይ ክፍል እየተመላለሰች 33ቱን በሕይወት አወጣች። በጁን 1 በሊቨርፑል ባሕረ ሰላጤ የሰጠመችው እንግሊዛዊቷ «ቴቲስ» ግን 99 ሰዎችን ይዛ ቀረች፤ የተረፉት አራት ብቻ ናቸው። ሁለቱም ተነሥተው ታደሱ፤ ሁለቱም በአሮጌ ስማቸው ወደ ባሕር እንዲመለሱ አልተፈለገም። ስኳለስ «ሴልፊሽ»፣ ቴቲስ «ተንደርቦልት» ተባሉ። ይህ የሞክሼነት ተቃራኒ ነው፤ ቀፎው አንድ፣ ስሙ ሁለት።

የስም ለውጡ ረድቷቸዋል ለማለት ይከብዳል። ተንደርቦልት በማርች 1943 በሲሲሊ አቅራቢያ ከነባሕርተኞቿ ሰጠመች። ሴልፊሽ ጦርነቱን ጨርሳ ተርፋለች፤ ነገር ግን በዲሴምበር 1943 ያሰጠመቻት የጃፓን አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ በውስጧ 21 አሜሪካዊ ምርኮኞችን ይዛ ነበር፤ በሕይወት የተረፈውም አንድ ብቻ ነው። ምርኮኞቹ ከ«ስከልፒን» ሰርጓጅ የተያዙ ነበሩ። ስከልፒን ከአራት ዓመት በፊት የሰጠመችውን ስኳለስን ፈልጋ ያገኘቻት እኅቷ ናት። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበብኩ ቀን ለረጅም ሰዓት ሌላ ነገር ማንበብ አልቻልኩም።

ስም መውረስን እንደ ገደቢስነት ሳይሆን እንደ ደም መመለሻ ያዩም አሉ። አውሮፕላን ተሸካሚዋ «ሌክሲንግተን» በሜይ 1942 ስትሰጥም፣ አስቀድማ በተሠራችበት በማሳቹሴትስ የመርከብ ግንባታ ጣቢያ ያሉ ሠራተኞች በእጃቸው ላይ የነበረችው «ካቦት» በሟቿ ስም እንድትጠራ ጠይቀው ተፈቅዶላቸዋል። በዚያው ዓመት በኦገስት የአውስትራሊያ ክሩዘር «ካንቤራ» ከአሜሪካኖች ጎን ስትዋጋ ስለሰጠመች፣ አሜሪካ ለመታሰቢያዋ አንዲት የራሷን ክሩዘር ካንቤራ ብላለች፤ በጁላይ 2023 ደግሞ ሌላ አሜሪካዊት ካንቤራ በሲድኒ ወደብ፣ አውስትራሊያዊቷ ካንቤራ በተገኘችበት ሥነ ሥርዓት፣ አገልግሎት ጀምራለች።

ጥያቄ፦ «በአሜሪካ፣ ቨርጂኒያ እኖራለሁ። አባቴ በቀድሞው የንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል ‹ኢትዮጵያ› በተባለችው መርከብ ላይ አገልግሏል። መርከቧ ከአሜሪካ የመጣች እንደሆነች ይነግረን ነበር። በአሜሪካ ባሕር ኃይል መዝገቦች ‹ኢትዮጵያ› ብዬ ስፈልግ ግን አንዳች አላገኘሁም።»

መልስ፦ አባትዎ የነገሩዎት ትክክል ነው፤ የሚፈልጉት ስም ግን «ኦርካ» ነው። መለያዋ ኤቪፒ-49 ሲሆን፣ በጃንዋሪ 1944 አገልግሎት የጀመረች፣ በባሕር ላይ ለሚያርፉ አውሮፕላኖች እናት የሆነች ደጋፊ መርከብ ናት፤ ሆላንድ ለሰርጓጆች ትሰጥ የነበረውን አገልግሎት ኦርካ ለአውሮፕላኖች ትሰጥ ነበር። ርዝመቷ 95 ሜትር ገደማ ነው። በጃንዋሪ 1962 ለኢትዮጵያ ተሰጥታ «ኢትዮጵያ» ተባለች፤ መለያዋም ኤ-01 ሆነ። ምጽዋን መቀመጫዋ አድርጋ የባሕር ኃይሉ ዋና መርከብና የዕጩ መኮንኖች ማሠልጠኛ ሆና አገልግላለች። በ1991 ወደ የመን ሸሽታ በዚያው ቀረች፤ በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።

በዋሽንግተን የሚገኘው የአሜሪካ ባሕር ኃይል የታሪክና የቅርስ ክፍል የመርከቦቹን ታሪክ በስም ቅደም ተከተል አዘጋጅቶ ለሕዝብ ክፍት አድርጎታል፤ የአባትዎን መርከብ በዚያ ሲፈልጉ ከስሟ ጋር 49 ቁጥርን አብረው ይያዙ። ምክንያቱም ዛሬ «ኦርካ» ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያገኘው ባሕር ኃይሉ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የተረከበውን፣ ያለ ሰው የሚጓዝ ግዙፍ ሰርጓጅ ነው።